ከእምብርት ቀጥሎ

1

ራስ። ፀጉር። ግንባር። ዓይን። አፍንጫ። አፍ። አንገት። ትከሻ። ክንድ። ጣት። ደረት። ሆድ። እምብርት።

ጭን።

ጉልበት። ቅልጥም። እግር።

መምህር ግዛቸው ሰሌዳው ላይ የጻፈልን ይህን ነው። በጎልማሶች ትምህርት ክፍላችን ሃያ ሦስት ሴቶች ነን፤ ሃያ ሦስታችንም ገለበጥነው። ከእምብርት ቀጥሎ እንዴት ጭን ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ግን እርሳሴን አቁሜ በሁለቱ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ አየሁት።

እኔ የታመምኩት እዚያ ነው።


2

ስሜ ደብሪቱ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የበግ ሱፍ እየፈተልኩ ለምንጣፍ ሠሪዎች አስረክባለሁ። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ልጅ አለኝ፤ አክሊሉ ይባላል፤ ወንድ ነው። ወንድ መሆኑን የጻፍኩት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው። መምህሩ ረጅም ነገር መጻፍ የከበዳት በቁጥር ትከፋፍለው ብሎናል። ስለዚህ አዲስ ቁጥር ስታዩ፣ እዚያ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ ጎኔን አሳርፌያለሁ ማለት ነው። አንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ ቀን አርፌያለሁ። አንዳንዱ ላይ ሳምንት።


3

መጀመሪያ ማሳከክ ነበር። ማሳከክ በሽታ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሦስት ዓመት አሳከከኝ። በጨው ውኃ ታጠብኩ። ጠበል ሄድኩ፤ አጥማቂው ምንሽን ነው የሚያምሽ ሲሉኝ ሆዴን አልኳቸው። ጠበሉ ሆዴ ላይ ወረደ።

ከዚያ ሽምብራ የምታክል ነገር ወጣች። ሽምብራዋ ቆሰለች። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ታላቅ እህቴ አስካለ አወቀችብኝ፤ እጄን ይዛ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ካንሰር ነው አሉን። ቆረጡት። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። የጣቴ ቀለም በሦስተኛው ቀንም አልለቀቀም። ተሽሎኝ ስመለስ ለትምህርት የተመዘገብኩት በዚያ ቀለም ምክንያት ነው።

አስካለ አሥራ አንድ ቀን አስታመመችኝ። ቁስሉን በለብታ ውኃ የምታጥብልኝ እሷ ነበረች። እያጠበችኝ ትቀልዳለች።

«በልጅነትሽ ያጠብኩሽ እኔ፣ በእርጅናሽም እኔ። መሀሉን ብቻ ነው ያረፍኩት።»

አስካለ አምና በጥቅምት አረፈች። በልብ ሕመም ነው። ከእሷ ሌላ የሕመሜን ቦታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይመስለኝ የነበረው እንደዚያ ነው።


4

ለሰፈሩ ኩላሊት ነው አልን። ኩላሊት ጥሩ በሽታ ነው። ወንድም ሴትም ይይዛል፤ ቄስ ፊት ይጠራል፤ ለልጅም ይነገራል። አክሊሉም የሚያውቀው ኩላሊት ብሎ ነው።

ብልታችሁ ቆስሎ ኩላሊቴን ነው ብላችሁ ከዋሻችሁ እንዲህ አድርጉ።

ጎረቤት በጆግ የሚያመጣላችሁን ውኃ ጠጡ።

ጆጉ ሲያልቅ ሌላ ጆግ ይመጣል። እሱንም ጠጡ።

የተልባውንም ጠጡ።

እምቢ አትበሉ። እምቢ ካላችሁ «ኩላሊትሽን ልትገድዪው ነው?» ይሏችኋል።

ሽንት ቤት ሂዱ።

ሽንቱ ቁስሉ ላይ ሲያልፍ የበሩን መቃን ያዙ።

አትጩሁ።

ተመልሳችሁ ስትመጡ ጆጉ ሞልቶ ይጠብቃችኋል።

ውኃውን የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ጠጂቱ ነበረች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጥዋት፣ ቀትርና ማታ። ደግ ሴት ናት። በደግነቷ ያቃጠለችኝን ያህል በክፋቱ ያቃጠለኝ ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ከሽንት ቤት ስመለስ ጆጉን ባዶውን አገኘው ነበር፤ ጠጥቼው ረስቼ ይሆናል እያልኩ አመሰግን ነበር።


5

በየስድስት ወሩ ተመለሺ ተብያለሁ። አንድም ቀጠሮ አላሳለፍኩም። ይህን የጻፍኩት ሰነፍ እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። ግን የሚያየኝ ሐኪም የአክሊሉ እኩያ ነበር።

— እንዴት ነዎት እማማ?

— ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

— ማሳከክ፣ ቁስል፣ የሚሰማዎት ነገር አለ?

— ምንም የለም።

— እስቲ አልጋው ላይ ይውጡና ልይዎት።

— ከመንገድ ነው የመጣሁት ልጄ፤ አልታጠብኩም። ደህና ነኝ አልኩህ እኮ።

ይስቃል። ካርዴ ላይ ይጽፋል። እሄዳለሁ። በሁለተኛው ቀጠሮ ማሳከኩ ተመልሶ ነበር። በሦስተኛው በተቀመጥኩበት መፍተል አቅቶኝ ቆሜ መፍተል ጀምሬ ነበር። አራት ጊዜ ሄጄ አራት ጊዜ ይህንኑ አልኩት።

ደህና ነኝ።

አሁን መጻፍም እችላለሁ።

ደህና ነኝ።


6

በዚህ ግንቦት ወጣቱ ሐኪም ተቀይሮ ሴት ጠበቀችኝ። ዶክተር ህሊና ትባላለች። እኔ ምክንያቴን ስደረድር እሷ ጓንቷን ታጠልቃለች። ከመንገድ መምጣቴን ነገርኳት፤ ሁሉም ሰው ከመንገድ ነው የሚመጣው አለች። አልጋው ላይ ወጣሁ። መብራቱን አቅርባ አየችኝ። ከዚያ ለምርመራ ቁራጭ ወሰደች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ውጤቱን ነገረችኝ። የነገረችኝን እዚያው ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ቀስ ብላ አስጻፈችኝ።

ተመልሷል።

ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ለሽንት መውጫው ቅርብ ነው።

እንደገና ይቆረጣል፤ ከበፊቱ ሰፋ ብሎ።

በሁለቱም ብሽሽት ያለው ንፍፊት ይወጣል። እግር ሊያብጥ ይችላል።

ሽንት ለጊዜው በቱቦ ይሆናል።

ከዚያ ጨረር። ጨረሩ ወረፋ አለው።

ይድናል አላለችም። አይድንም አላለችም። አሁን ከሠራነው ተስፋ አለው፤ ከቆየ ግን ቢላዋ ወደማይደርስበት ይሄዳል አለች። ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ ብዬ ጀመርኩ። ካርዴን ገለጠች።

«አራት ጊዜ ደህና ናቸው ይላል» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የፈቃድ ወረቀቱን ይህን ጊዜ ራሴ አነበብኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጠበቀችኝ። በአውራ ጣት መፈረም ይቀል ነበር። በስሜ ፈረምኩ።


7








8

ሰባትን ዘልያለሁ። መምህር ግዛቸው እንደዘለለው ነው የዘለልኩት። እዚያ የሚጻፍ ነገር አለ፤ ለአንድ ሰው መነገር ያለበት ነው፤ ገና አልደፈርኩትም። ቦታውን ትቼለታለሁ። አቅም ሳገኝ እመለስበታለሁ።


9

አልጋ የተገኘልኝ ለሰኔ አሥራ ስድስት ነው። የምሞላው ወረቀት ተሰጠኝ። እንዳለ ገልብጬዋለሁ።

የታካሚ ስም፦ ደብሪቱ ኃይሌ

ዕድሜ፦ 54

የአስታማሚ ስም፦ ........................

ጾታ፦ ሴት (በሴቶች ክፍል ወንድ አስታማሚ አያድርም)

ዝምድና፦ ........................

ስልክ፦ ........................

አስታማሚዋ ቁስሉን በቀን ሦስት ጊዜ ታጥባለች። ነርሷ አንድ ጊዜ ታሳያታለች፤ ከዚያ በኋላ የእሷ ሥራ ነው። ወረቀቱ ተሞልቶ እስከ ዓርብ ካልደረሰ አልጋው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። እኔ ደግሞ ተራዬ የሚደርሰው ከመስከረም በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢላዋው ይድረስ አይድረስ ማንም አያውቅም።

ስም ለመጻፍ እርሳሴን አነሳሁ። ሰኞ ነበር።


10

አስካለ። ሞታለች። ቢሆንም ስሟን ጻፍኩት፤ ስላሰኘኝ። ከዚያ አጠፋሁት።

አክሊሉ። ወንድ ነው። ቢፈቅዱለትም እኔ አልፈቅድለትም። በወጣበት ቦታ ቁስል አያይም።

ጠጂቱ። ሐሙስ የሰማችውን ቅዳሜ ገበያው ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። እኔ መቀመጥ ሲያቅተኝ ቆሜ መጻፍ የጀመርኩ ቀን፣ «ደብሪቱ የምትቆመው ፊደሎቹ እንዳያመልጧት ነው፤ በበር ላይ ትጠብቃቸዋለች» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀችው። መምህሩም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ምንታምር።


11

ምንታምር የአክሊሉ ሚስት ናት። ከተጋቡ አምስት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ነን። ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስታጥብ ትውላለች። ልጅ አልወለደችም።

ቀጥሎ ያለውን ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው።

አምና በሚያዝያ ለጎረቤት ሰርግ ሽንኩርት እንልጥ ነበር። የእድሩ ሴቶች ሁሉ ነበርን። አንዷ፣ ደብሪቱ የልጅ ልጅ የምታሳዪን መቼ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ በልጄ አይደለም፣ የተዘጋው የእሷ ማህፀን ነው አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም። ሴቶቹ ወደ ኋላዬ ሲያዩ ዞር አልኩ። ምንታምር የተላጠ ሽንኩርት የሞላ ሰፌድ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀምጣ ሄደች። አንድ ራስ እንኳ አልወደቀም።

ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በሩ ተዘግቷል? ውኃ መጥቷል? አክሊሉ በልቷል?

የእሷን ማህፀን ሽንኩርት መላጫ ላይ ዘረገፍኩት። የራሴን ግን ከሐኪም ደበቅሁ።


12

ማክሰኞ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ጠራኋት።

«ምንታምር።»

«አቤት እትዬ።»

«ጨው አለሽ?»

ጨው ሰጠችኝ።

ረቡዕ ማለዳ ተነስቼ በራፏ ላይ ጠበቅኋት።

«ምንታምር።»

«አቤት እትዬ።»

ትናንት የተለማመድኩት ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እንደገና ጨው አልኳት። ሳትጠይቀኝ ገብታ ሙሉውን ከረጢት አመጣችልኝ። አሁን ለአንድ ዓመት የሚበቃ ጨው አለኝ።

ሐሙስ ገባኝ። አፌ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ መዋሸት ነው የለመደው። እጄ ግን ጀማሪ ነው፤ ገና ውሸት አልጻፈም። ሐኪሟ የሰጠችኝን የፈቃድ ወረቀት ግልባጭ አጠገቤ አድርጌ፣ ቃሉን ከእሱ እያየሁ፣ ወደ ተውኩት ገጽ ተመለስኩ።


7

ምንታምር፣

በሽታዬ ኩላሊት አይደለም። የብልት ካንሰር ነው። ያኔም እሱ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። ሰኔ 16 ይቆርጡኛል። ቁስሌን የምታጥብ ሴት ያስፈልገኛል። አስካለ የለችም። ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም።

ሽንኩርት ስንልጥ ያልኩትን አልረሳሁትም። ውሸት ነበር። እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም።

ደብሪቱ


13

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለስ ደብተሩን ከፍቼ ሰጠኋት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ አነበበች። እኔም እንዝርቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ጨርሳ ከላይ ጀመረች። ጽሑፌ ጥሩ አይደለም፤ ያልገባት ነገር ካለ ላስረዳት ቀረብ አልኩ።

«ኩላሊት እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ልብስዎን የማጥበው እኔ ነኝ እትዬ።»

ልብሴን ጠቅልዬ እንቅቡ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ታጥቦ ተጣጥፎ ይመለሳል። ነጠብጣቡ በሳሙና የሚለቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ምንታምር አክሊሉ ከመምጣቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ትዘፈዝፈው፣ ሲታጠብም ሰው እንዳያየው ከአንሶላ ሥር ታሰጣው ኖሯል። ሽንኩርት ከላጥንበት ቀን በፊትም። ከዚያም ቀን በኋላ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ኩላሊት አሉ። እኔ ምን ልበል?» ገጹን ጣቷ ላይ እንደያዘች ደብተሩን ዘጋችው። «የጠጂቱን ጆግ ግን ስችል እደፋልዎት ነበር።»

መቀመጥ ፈለግሁ። መቀመጥ ስለማልችል ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ያኔ አሥራ አንድ ነበር፣ አሁን ሊበልጥ ይችላል አልኳት። የፀጉር ቤቷን ባለቤት ፈቃድ እንደምትጠይቅ፣ ባትፈቅድላትም ከሥራ እንደምትቀር ነገረችኝ። ይህን ስትል ድምጿ ስለ ውኃና ስለ በር ስንነጋገር ያለው ድምጿ ነው። ምንም አልጨመረችበትም። ከዚያ ደብተሩን መለሰችልኝ።

«ይቅር ብዬዎት አይደለም። እንደዚያ እንዳይመስልዎት።»

«አይመስለኝም።»

«ሰው ስለሌለዎት ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

«ለአክሊሉ ግን እርስዎ ይንገሩት። እኔ ኩላሊት ብዬ አልዋሽለትም።»

አክሊሉ ሲመጣ ደብተሩን ለእሱም ሰጠሁት። ሁለተኛውን ሰባት አንብቦ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ቆየ። ጫማው የታሰረ ነበር።


14

በዚያው ሐሙስ ማታ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ፣ መምህር፣ ከእምብርት ቀጥሎ የዘለልነው አለ፣ ልለው አስቤ ነበር። ይህን የምታነቡ ሰዎች እንዳልኩት ብጽፍላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላልኩም። ደክሞኛል። እጄንም አላወጣሁም።

በራሴ ደብተር ላይ ግን ያቺን ቃል በእምብርትና በጭን መሀል አስገባኋት። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አነስ አድርጌ ነው የጻፍኳት። ጠጂቱ አንገቷን አስግጋ ፊደል በፊደል አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ እኔን አየች፤ የቆምኩበትን አየች፤ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ስንወጣ ደብተሬን ያዘችልኝ። የቤቴ በር ላይ ስንደርስ፣ ያ ሁሉ ውኃ፣ አለች።


15

ዓርብ ጥዋት ነው። ወደ አዲስ አበባ የምንሄድበት አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሳል። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ምንታምር ሞልታዋለች፤ የእሷ ጽሑፍ ከእኔ በጣም ያምራል። አንድ መስመር ዘላለች። ረስታው መስሎኝ ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋት።

«እሱን እርስዎ ይሙሉት» አለችና እስክሪብቶውን ሰጥታኝ ፎጣ ልታዘጋጅ ወደ ቤቷ ገባች።

ምራት ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ልጅ ብዬም መጻፍ እችላለሁ። ሁለቱንም ተምረናቸዋል። የትኛው እንደሚገባኝ ግን አላውቅም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሳጥኑ ውስጥ ፎጣ ስታገላብጥ ይሰማኛል። ተመልሳ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ይህን መስመር ነው።

ቆሜ ነው የምጽፈው።

የአስታማሚ ስም፦ ምንታምር ዘለቀ

ጾታ፦ ሴት

ዝምድና፦